ከማንኪራ ጫካ እስከ ደንበኛው ስኒ
(በማንኪራና በቦንጋ አካባቢ በአነስተኛ ንግድ ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

 



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትልልቅ ነጋዴዎች ወይም ስለ ቡና ላኪዎች አይደለም። ሦስት ኪሎ ቡና ቆልታና ፈጭታ በትናንሽ ላስቲክ እየቋጠረች ስለምትሸጥ እናት፣ በመንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ስለምትውል እህት፣ ከጫካ ኮረሪማ ለቅሞና ማር ቆርጦ ለገበያ ስለሚያቀርብ ወጣት ነው። በብዙ ቤት የልጆቹን ጉርስና ደብተር የሚችሉት እነዚህ ናቸው። ለየቲም ልጅ በየወሩ የሚደረገው ድጋፍ ከለጋሾች የሚመጣ ነው፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ይሁንና ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ድጋፉ ያበቃል፤ ለጋሹ ቢታመም ወይም ሥራው ቢቀዘቅዝም ሊቋረጥ ይችላል። በዚያን ቀን ቤቱን የምታቆመው ያቺ ጀበና ወይም ያቺ የጉልት መደብ ናት። እርሷ ስትደክም ከትምህርት ገበታ የሚቀረው ልጁ ነው። ጉዳዩን ቀላል አድርገን የማናየውም ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ያስተዋልነውን አንድ ነገር እንናገር። አነስተኛ ንግድ በአንድ ሌሊት በሌባ ወይም በእሳት የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በማይታይ ቀዳዳ እየፈሰሰ ነው፤ ዛሬ ሃያ ብር፣ ነገ ሁለት ስኒ፣ ከነገ ወዲያ ያልተጻፈ ዱቤ። ባለቤቷ ከንጋት እስከ ማታ ስትሠራ ትውላለች፤ ደንበኛም አላጣችም፤ ሆኖም ከስድስት ወር በኋላ መነሻ ገንዘቡ በእጇ የለም። ሰዎች "በረካው ጠፋ" ይላሉ። በረካ ከአላህ ነው፤ ቀዳዳውን ፈልጎ መድፈን ግን በእኛ ላይ የተጣለ ነው።

የምንኖርበት ቦታ ራሱ በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምር ነው። በዴቻ ወረዳ የሚገኘው የማንኪራ ጫካ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና የሚለቀምበት ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ የቡና እናት እያለ የሚጠራው ዛፍም የሚገኘው በዚሁ ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል። ከኢትዮጵያ የወጣው ይህ ፍሬ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን ሱፊዮች ዘንድ በሌሊት ዚክር ላይ እንቅልፍን ለማባረር ይጠጣ ነበር። (እ.ኤ.አ. በ1511 በመካ እገዳ ተጥሎበት እንደነበርና እገዳውም ብዙ ሳይዘልቅ እንደቀረ ታሪክ ይነግረናል፤ ጀበናችሁን ስትጥዱ ልታስታውሱት ትችላላችሁ።) ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ጠጣው። ታዲያ በአውሮፓ ገበያ ለረጅም ዘመን በማን ስም ተጠራ? ቡናው በመርከብ በሚጫንበት በሞካ፣ በየመኑ ወደብ ስም። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1753 ለተክሉ የሳይንስ ስም ሲያወጣለት "ዐረቢካ" አለው። ገዢ የሚያውቀው በመጨረሻ ያገኘውን ሻጭ ነው። ስሙን የወሰደው ፍሬውን ያበቀለው አገር ሳይሆን ከገዢው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው ነው።

አገራችን ይህን ተገንዝባ እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡናዎች ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብላት አመለከተች፤ በዚሁ ምክንያት ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። አንድ መንግሥት ለስም ይህን ያህል ከተከራከረ፣ በቦንጋ ገበያ ቡና የምትሸጥ እናትም ደንበኛዋ ስሟን ማወቁን እንደ ሀብት ልትቆጥረው ይገባል። "ከዚያች ጥግ ከምትቀመጠው ሴትዮ" እየተባለ የሚገዛ ዕቃ፣ ነገ ጥጉ በሌላ ሰው ሲያዝ ደንበኛውም አብሮ ከጥጉ ጋር ይቀራል።

አሁን ወደ ልማዶቹ እንግባ።

የመጀመሪያው ልማድ ከዒሻ በኋላ የሚወሰድ አምስት ደቂቃ ነው። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። አራት ነገር ይጻፍበታል፤ ዛሬ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ማን ሳይከፍል ወሰደ፣ እንዲሁም ሰው ጠይቆን ያልነበረን ዕቃ ምንድን ነው? አራተኛውን ብዙዎች ይተዉታል፤ እኛ ግን ከሁሉ የበለጠ እንመክርበታለን። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ሰው "የተፈጨ ኮረሪማ አለሽ?" ብሎ ከጠየቀና አምስቱም ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ፣ ገበያው ራሱ ምን እንድታመጡ እየነገራችሁ ነው። ያልተጻፈ ጥያቄ ግን በማግስቱ ይረሳል። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ልጃቸው ይጻፍላቸው። ልጅ በሌለበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ለተሸጠ ስኒ አንዲት የባቄላ ፍሬ በጣሳ ውስጥ እየጣሉ ማታ መቁጠር ይችላሉ፤ ሒሳብ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ የቤቱንና የንግዱን ገንዘብ መለየት ነው። ሁለት ከረጢት ይኑር። ባለቤቷ ከንግዱ በየሳምንቱ የተወሰነ ድካሟን የሚክስ ገንዘብ ትውሰድ፤ ከዚያ በላይ ግን ከንግዱ ከረጢት ለቤት አይውጣ። እንግዳ ሲመጣ የሚፈላው ቡና እንኳ ከሚሸጠው ላይ ከተነሣ የቤቱ ወጪ ሆኖ ይጻፍ። ይህን ስንናገር አንዳንድ እናቶች "በገዛ ዕቃዬ ልጠየቅ?" ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እንግዳ ተቀባይነታችንን እንድትቀንሱ አልጠየቅንም። የትኛው እጅ እንደሰጠ ይታወቅ ነው ያልነው።

አሁን ወደ ምጣዱ እንሂድ፤ ብዙ ገንዘብ ሳይታወቅ የሚጠፋው እዚያ ነውና።

ጥሬ ቡና ሲቆላ በውስጡ ያለው እርጥበት ይተናል፤ ገለፈቱም ይረግፋል። እንደ አቆላሉ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ጠቆር ሲል ደግሞ የበለጠ ይጎድላል። ይህን በቁጥር እንየው። የገበያው ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዱት። አንዲት እናት 5 ኪሎ ጥሬ ቡና በኪሎ 400 ብር ገዛች እንበል፤ ወጪዋ 2,000 ብር ነው። ቆልታ ስትጨርስ 4 ኪሎ ሆነላት። እርሷ በልቧ የያዘችው "ኪሎው በ400 ብር ገባኝ" የሚለውን ነው፤ ስለዚህ በ480 ብር ስትሸጥ 80 ብር ያተረፈች ይመስላታል። እውነተኛው ሒሳብ ግን 2,000 ብር ለ4 ኪሎ ሲካፈል 500 ብር ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ 20 ብር፣ በጠቅላላው 80 ብር ከስራለች። ይህ ማገዶው፣ ላስቲኩ፣ የወፍጮው ዋጋና የመኪናው ሒሳብ ሳይቆጠር ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ ብታደርግ በዓመት የሚጠፋው ገንዘብ ለአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ሊሆን ይችል ነበር። ሴትዮዋ ሰነፍ አይደለችም፤ ያታለላትም ሰው የለም። የጎደላት ከምጣዱ በኋላ ቡናውን አንድ ጊዜ መመዘን ብቻ ነው።

ይኸው ሥርዓት ለሌላውም ይሠራል። ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ቀይ ቡና ደርቆና ተፈልፍሎ የሚሰጠው አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ጥሬ ቡና ነው። እሸቱን በጥሬው ለሰብሳቢ መሸጥ ይሻላል ወይስ አድርቆ ጀንፈሉን ማቆየት? መልሱ በየዓመቱ ይለያያል፤ ይህን ቁጥር የማያውቅ ሰው ግን ሁለቱን ሊያወዳድር አይችልም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር እንጨምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብዙ ዕቃዎች ዋጋ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የዐረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ከዚያ በፊት ያልታየ ዋጋ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የትናንቱን ግዢ ብቻ እያሰቡ መሸጥ አደገኛ ነው። ሻጭ ሲሸጥ "ይህን ጨርሼ ነገ ያንኑ ያህል ዕቃ በስንት እተካለሁ?" ብሎ ይጠይቅ። በመቶ ብር የገዛውን በመቶ ሃያ ሸጦ፣ ገበያ ሲሄድ መቶ ሠላሳ ሆኖ ቢጠብቀው፣ ትርፍ ያለው በቃል ብቻ ነው።

ወደ ደንበኛው እንመለስ። "ደንበኛዬ ሁሉም ሰው ነው" የሚል ነጋዴ ደንበኛውን ገና አላወቀም። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ በዚህም የተነሣ የመንግሥት ሠራተኛውና ለጉዳይ የሚመጣው እንግዳ በዝቷል። እነዚህ ሰዎች ከጥንቱ ገዢ የተለየ ፍላጎት አላቸው። የአገሬው ሰው ጥሬ ቡና ይፈልጋል፤ ቆልቶ የሚጠጣው በቤቱ ነውና የፍሬውን መልክ በእጁ ዘርግቶ ያያል። ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ ግን ምጣድም ጊዜም የለውም፤ የተፈጨና ለሳምንት የሚበቃ ትንሽ ቋጠሮ ይሻዋል፤ ከደመወዝ ቀን በኋላ ባሉት ቀናት በርከት አድርጎ ይገዛል፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ በስኒ ብቻ ይጠጣል። ጫካውንና የቡናውን አገር ሊያይ የመጣ እንግዳ ደግሞ ለዘመዶቹ የሚወስደውን ይፈልጋል። እርሱ የሚገዛው ቡናውን ብቻ ሳይሆን "ይህ ከማንኪራ ነው" ብሎ የሚናገረውንም ጭምር ስለሆነ፣ የታሸገ፣ የተቆላበት ቀን የተጻፈበትና የሻጩ ስም ያለበት ቋጠሮ ያስደስተዋል። እርግጥ ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣውን ቡና "የማንኪራ ነው" ብሎ መሸጥ ውሸት ነው፤ በውሸት ላይ የተገዛ ዕቃም በረካ የለውም።

አንድ ዓይነት ቡና ይዛችሁ ለሦስቱም በአንድ መልክ ብታቀርቡ ሁለቱ ያልፏችኋል። በሦስት መልክ ለማቅረብ ደግሞ ተጨማሪ ዋና ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጥቂት ላስቲክና ጥቂት ማሰብ ይበቃል። የተፈጨ ቡና ሽታው በጥቂት ቀናት ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመፍጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መፍጨት ይሻላል። ደንበኛው ምክንያቱን ባያውቅም አፍንጫው ያውቀዋል።

ደንበኛን ለማወቅ ከሁሉ የሚጠቅመው ሰው መምጣት ያቆመው ሰው ነው። በየቀኑ የሚመጣው ወዳጅ ስለሆነ ስህተታችንን አይነግረንም፤ ያቆመው ግን ያውቃል። በመንገድ ስታገኙት "ጠፍተሃል ወንድሜ፣ በደኅና ነህ?" በሉት። ስለ ቡናው ወዲያው አትጠይቁት፤ ሰላምታው ይቅደም። ከዚያ በኋላ "የጎደለ ነገር ካለ ንገረኝ፣ አልቀየምም" ብትሉት ብዙውን ጊዜ ይናገራል። ስኒው በደንብ አለመታጠቡን፣ ጭሱ ልብሱን ማስቸገሩን፣ ወይም ከእርሱ ቀድሞ ለመጣው ዘመዳችሁ ሁልጊዜ ተራ መሰጠቱን ልትሰሙ ትችላላችሁ። ይህን ለማስተካከል ምንም ብር አያስወጣም። ያቆመው ዋጋው ተወዶበት እንደሆነ ከማሰባችን በፊት ይህን ብንጠይቅ መልካም ነው፤ ዋጋ መቀነስ የመጨረሻው መፍትሔ ይሁን።

ስለ ስፍርና ሚዛን ብዙ አንናገርም፤ በሙስሊም ዘንድ የታወቀ ነው። ቁርኣን በዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ እርጥቡን ከላይ አድርጎ ሰው እንዲያየው ማድረግ ይገባው እንደነበር ለሻጩ መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ለኮረሪማና ለጀንፈል ነጋዴ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም። ያልደረቀ ኮረሪማ ሚዛን ያነሣል፤ ይሁንና ገዢው ቤት ደርሶ ሲሻግት ያገኘዋል። እርጥቡን ለይቶ "ይህ አልደረቀም፣ ዋጋውም ይቀንሳል" የሚል ሻጭ በዚያ ቀን ጥቂት ብር ያጣል፤ በሚቀጥለው ገበያ ግን ገዢው ጆንያውን ሳይፈታ ይገዛዋል። ምርቃትም ቢሆን በየጊዜው እኩል ይሁን፤ ዛሬ እፍኝ፣ ነገ ምንም ከሆነ ደንበኛው የተቀነሰበት ይመስለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ዱቤ እንምጣ።

በእኛ አገር ዱቤ የማይሰጥ አነስተኛ ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ በመስጊድ በአንድ ሶፍ የምንቆም ነን። ይሉኝታ ይይዘናል። "ጻፍልኝ" የሚለው ሰው ይከብረናል፤ "ልጻፍብህ" ማለት ግን እንደ ስድብ ይቆጠራል። የሚያስገርመው በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር መሆኑ ነው፤ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ። ትንሽም ቢሆን ትልቅ፣ ከነጊዜው እንዲጻፍ ያዛል። ስለዚህ "ጌታዬ ያዘዘኝ ነው" ብሎ ደብተር ማውጣት ባልንጀራን መጠርጠር አይደለም፤ ከጭቅጭቅ መጠበቅ ነው። ያልተጻፈ ዱቤ ሁለት ነገር ያጠፋል፤ ገንዘቡንም ወዳጁንም። ባለዕዳው ስለሚያፍር መንገድ ቀይሮ ይሄዳል፤ ቡናውንም ከሌላ ቦታ ይገዛል።

የምንመክረው እንዲህ ነው። በዱቤ ለሚወጣው ዕቃ ጣሪያ ይበጅለት፤ ለምሳሌ ከመነሻው ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ። ያ ሲሞላ፣ የቀድሞው ሳይመለስ አዲስ አይሰጥም፤ ለማንም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ሲሆን የሚቀየም ይቀንሳል። የመክፈያው ቀን ይነገር፤ ለሠራተኛው የደመወዙ ቀን፣ ለገበሬው የቡናው መሸጫ። በእርግጥ የቸገረው ሰው ሲገኝ ጊዜ መስጠት፣ ከዚያም አልፎ መማር ከፍተኛ ምንዳ ያለው ነው፤ ከላይ ከጠቀስነው አያ ጥቂት ቀደም ብሎ ይኸው ተነግሯል። ነገር ግን ምሕረት ሲደረግ ሰደቃ ተብሎ በደብተሩ ይዘጋ፤ ዕዳ ነው ወይስ ስጦታ ሳይለይ ተንጠልጥሎ አይቆይ። የቲም የምታሳድግ እናት ያላትን ሁሉ በዱቤ በትና ልጆቿ ባዶ ቢቀሩ፣ የሰጠችው ከልጆቿ ድርሻ ላይ ነው።

ከዱቤ የሚከፋ ግን አለ፤ ቡናን በአበባው መሸጥ።

ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቤት የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው፤ ወዲያው መስከረም ይመጣል፤ የደብተርና የልብስ ጥያቄ ይከተላል። ቡናው ግን የሚደርሰው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ዋናው ለቀማ ጥቅምትና ኅዳር ነው። በዚህ መካከል ገንዘብ ያለው ሰው ይመጣና "ዛሬ ልስጥህ፣ ስትለቅም ቡናውን ትሰጠኛለህ" ይላል። ዋጋው የሚቆረጠው በክረምቱ ችግር ነው፤ ቡናው የሚሰጠው ግን በኅዳር ነው። ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ትርፍ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ክረምት ያው ቤተሰብ ይበልጥ ተቸግሮ ወደዚያው ሰው ይመለሳል።

ፍሬው ለመብሰሉ ምልክት ሳይታይበት በተክሉ ላይ እያለ መሸጥን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸው የታወቀ ነው። ሰለም የሚባለው ውል ደግሞ የተፈቀደ ነው፤ በእርሱም የዕቃው ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠንና የመረከቢያ ቀን ተለይቶ ይታወቃል፤ ገንዘቡም በሙሉ በቅድሚያ ይከፈላል። ዝርዝሩን ዑለማኦቻችንን ጠይቁ። እኛ የምንለው እንዲህ ያለ ውል ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሒሳቡንም ሑክሙንም እወቁ ነው።

ከዚህ መውጫው አንድ ቀን የሚገኝ አይደለም፤ ከኅዳር የሚጀምር ነው። ቡና በተሸጠበት ሳምንት ለሐምሌ የሚሆን ገንዘብ ይለይ። ሰባት ስምንት እናቶች ተሰባስበው ዕጣው ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚደርስ ዕቁብ ቢጥሉ ያለ ወለድ የክረምቱን ቀዳዳ ይደፍናሉ። በባንክ ለሚያስቀምጡም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዘምዘምን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች በአገራችን ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎቹም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በዚያው ዓመት የተጀመረው ቴሌብርም ገንዘቡ በመቀነት ታስሮ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እንዳይፈታ ይረዳል። (ደንበኛ በስልክ "ልኬአለሁ" ሲላችሁ መልእክቱን በራሳችሁ ስልክ ሳታዩ ዕቃውን አትስጡ፤ ይህም ልማድ ይሁን።) የሚችል ቤተሰብ ደግሞ አንድ ጆንያ ጀንፈል ለክረምት ያስቀምጥ። ይህ የሚሆነው ግን ቡናው ቀይ ሆኖ ከተለቀመ፣ መሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ ከደረቀና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ነው። በእጅ ሲነቀነቅ ፍሬው በገለባው ውስጥ ይንኳኳል። ከግድግዳና ከወለል ራቅ አድርጋችሁ፣ በቆጥ ላይ አስቀምጡት፤ ከላምባና ከሳሙና አጠገብም አታድርጉት፤ ቡና የሰውን ቤት ሽታ ሁሉ ይጠጣል።

ስለ ልጆቹ እንናገር። ለየቲሙ ስም የመጣ ገንዘብ የየቲሙ ነው፤ የእናቱ ንግድ ዋና ገንዘብ አይደለም። ለንግዱ ማዋል ካስፈለገ ምን ያህል እንደተወሰደና ትርፉም ለልጁ ምን ያህል እንደደረሰ ይጻፍ። የየቲም ገንዘብ ዝም ብሎ ተቀምጦ ዘካ እንዳይጨርሰው በንግድ እንዲንቀሳቀስ ዑመር ቢን አል-ኸጣብ (ረ.ዐ.) መምከራቸው ተላልፎልናል፤ ስለዚህ መነገዱ አይደለም ችግሩ፤ መደባለቁ ነው። በሱረቱን-ኒሳእ የቲሞች ገንዘባቸው ከመሰጠቱ በፊት እንዲፈተኑ ታዟል። ለእኛ ሁኔታ ይህ ፈተና ምን ይመስላል? የአሥራ አራት ዓመቱን ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት በመደቡ ላይ አስቀምጡት፤ ማታ ሒሳቡን እርሱ ይዝጋ። አንድ ኪሎ ኮረሪማ ገዝቶ እንዲሸጥ ስጡት፤ ቢከስርም የከሰረበትን ምክንያት በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ይህ ግን ከትምህርት ሰዓቱ ውጪ ይሁን። ልጁን ከክፍል አስቀርቶ ጀበና ማስጠበቅ ፈተና አይባልም።

ለለጋሾቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። ከእነዚህ እናቶች ስትገዙ በሐዘኔታ ሁለት እጥፍ አትክፈሉ። ሰደቃ መስጠት ስትፈልጉ ሰደቃ ስጡ፤ ስትገዙ ደግሞ እንደ ገዢ ግዙ። በሐዘኔታ የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ስለ ጥራቱም ምንም አይናገርም፤ ሻጯም የማይደገም ዋጋ ለምዳ ትቀራለች። "ቡናሽ ትንሽ አሯል፣ በሚቀጥለው ቀለል አድርጊው" የሚልና በየወሩ ሁለት ኪሎ የሚወስድ ደንበኛ ይበልጥ ይጠቅማታል። መነሻ ገንዘብ የምትሰጡም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመስጠት፣ ግማሹን ሰጥታችሁ ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን አይታችሁ ቀሪውን ብትጨምሩ እንመርጣለን።

ንግግሩን ስንጨርስ አንድ ወንድም ስለ ማር ጠይቆን ነበር፤ ብዙዎችን ስለሚመለከት እዚህ እናስፍረው። "ማሬ ከሁለት ወር በኋላ ይረጋል፤ ደንበኞቼም ስኳር ቀላቅለሃል ብለው ይመልሱታል" አለ። የማር መርጋት በራሱ የመቀላቀል ምልክት አይደለም። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ በቀዝቃዛ ቦታ በተፈጥሮው ይረጋል፤ ደጋማ በሆነው አካባቢያችን ይህ የሚጠበቅ ነው። በደረቅ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቀስ ብሎ ይፈታል። ይልቅ ልትፈሩት የሚገባው አረፋ መኮፈሱንና መምጠጡን ነው፤ ይህ የሚሆነው እርጥበቱ ሲበዛ፣ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ በሰም ያልተከደነውን የማር እንጀራ አትቁረጡ፤ ዝናብ እየዘነበም አትቁረጡ። የአገራችን ማር ብዙው ለጠጅ ስለሚገዛ ሻጮች ለማጣራት ግድ አልነበራቸውም፤ ለገበታ የሚሆን ማር የሚፈልገው ቤተሰብ ግን የተጣራና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ይሻል፤ ዋጋውንም ይከፍላል። ወንድማችን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ "ይህ ማር ሲበርደው ይረጋል፤ ለብ ባለ ውኃ ይፈታል" ብሎ እንዲጽፍና ደንበኛው ሳይጠይቀው ቀድሞ እንዲነግረው መክረነዋል።